ፏፏቴውን የሚያጥበው ማን ነው?

ከተማችን አዲስ አበባ ፏፏቴ ወዳለች። በወዳጅነት ፓርክ ያየነው፣ በኮሪደር ልማቱ መንገድ ዳር የምናየው ሽቅብ የሚወረወር ውሃ አሁን ወደ ግል ግቢም ገብቷል። አዲስ ቪላ ሲሠራ ከበሩ ፊት ለፊት ክብ ገንዳ ይቀመጣል፤ መሐሉ ላይ የተደራረበ ሳህን፣ ከላይ የሚንፎለፎል ውሃ፣ ማታ ማታ ደግሞ ባለ ቀለም መብራት። የቤት ምርቃት ላይ እንግዳው ሁሉ ተራ ጠብቆ ፎቶ ይነሳበታል። ሁለት ክረምት አልፎ ወደዚያው ግቢ ብትመለሱ ግን ብዙ ጊዜ ውሃው ቆሞ፣ ገንዳው አረንጓዴ ለብሶ ታገኙታላችሁ። አፈር ተሞልቶ ጽጌረዳ የተተከለበት ገንዳ እንኳ ዕድለኛ ነው።

ፏፏቴ የሠራ ሰውን ልወቅስ አልተነሣሁም። በፀሐይ ደርቆ፣ በትራፊክ ተንገላቶ ቤቱ ለገባ ሰው የወራጅ ውሃ ድምፅ ትልቅ ዕረፍት ነው። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ለመገንባት በጀት አለን፣ ባለሙያ አለን፣ የምርቃት ቀንም አለን፤ ለመንከባከብ ግን ከሦስቱ አንዱም የለንም። ግንበኛው ሒሳቡን ተቀብሎ ሄዷል። ባለቤቱ ጥበቃው ያየዋል ብሎ ያስባል፤ ጥበቃው የአትክልተኛው ሥራ ነው ይላል፤ አትክልተኛው ደግሞ “እኔ የኤሌክትሪክ ነገር አልነካም” ይላል። ሦስቱም እውነት አላቸው፤ ሥራው የማን እንደሆነ የነገራቸው የለምና።

እስቲ ሥራው ምን እንደሆነ እንየው።

የግቢ ፏፏቴ ሁልጊዜ አዲስ ውሃ ከቧንቧ የሚመጣለት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አብዛኛው ግን ያንኑ አንድ ገንዳ ውሃ ነው የሚያመላልሰው። ከሥር የተቀመጠችው ትንሽ ፓምፕ ውሃውን ስባ ወደ ላይ ትገፋዋለች፤ ወርዶ ተመልሶ ወደ እሷው ይመጣል። ስለዚህ የገባው ሁሉ እዚያው ይቀራል። አቧራው፣ የጃካራንዳው አበባ፣ የግራቪሊያው ቅጠል፣ ሊጠጣ የመጣው ርግብ ጥሎት የሄደው ኩስ ይጠራቀማል፤ ፀሐይ ሲያገኘው አልጌ ያበቅላል። በዚያ ላይ ፀሐይና ነፋስ ውሃውን ብቻ ወስደው ማዕድኑን ይተዉታል። የተነነውን ለመተካት በላይ በላዩ በጨመርን ቁጥር የቀረው ማዕድን እየበዛ ይሄዳል። አልፎ አልፎ ገንዳውን ሙሉ በሙሉ ባዶ ማድረግ ግድ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ፓምፗም የራሷ ጠባይ አላት። የምትቀዘቅዘው በተነከረችበት ውሃ ነው፤ ውሃው ወርዶ አየር መሳብ ከጀመረች ትግላለች፣ ከዚያም ትቃጠላለች። ቤተሰቡ ለበዓል ክፍለ ሀገር ሄዶ ገንዳው ሲጎድል፣ የጠፋው መብራት ሲመለስ ማንም ሳያያት በደረቁ ስትሠራ ልትውል ትችላለች። ከቤት ስትርቁ ንቀሏት። ቤት ስትሆኑ ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን የውሃውን ልክ እዩ፣ ቅጠሉን በወንፊት ልቀሙ፣ የፓምፗን አፍ የሸፈነውን ስፖንጅ እጠቡ። ይህ ሁሉ ሥራ ቡና ተቆልቶ ሳይፈላ ያልቃል።

ትልቁ እጥበት ሲደርስ የመጀመሪያው ነገር ሶኬቱን መንቀል ነው። ማጥፊያውን መጫን አይበቃም፤ ገመዱ ከግድግዳው ሳይወጣ ማንም እጁን ውሃው ውስጥ አያግባ። ከዚያ ውሃውን በባልዲ እየቀዳችሁ ለአትክልት አጠጡት፤ ኬሚካል ካልገባበት ተክል ይወደዋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ፣ ጎረቤት ጀሪካን ይዞ በሚሰለፍበት ቀን፣ አንድ ገንዳ ውሃ ወደ ቦይ መልቀቅ ነውር ነው። ገንዳው ባዶ ሲሆን ግድግዳውን በብሩሽ ፈትጉ፤ ፓምፗን ፈትታችሁ ውስጧ የምትሽከረከረውን ክፍል በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ አጽዱ። “ፓምፑ ተበላሸ” ተብሎ ከተጣለው ውስጥ ስንቱ በፀጉርና በቅጠል ሥር ብቻ የታነቀ ነበር!

በፓምፗና በገንዳው ላይ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት የራሱ ወሬ አለው። የድሬዳዋ ሰው በማንቆርቆሪያው ሥር ሲጋገር ያውቀዋል፤ ካልሲየም የበዛበት የጉድጓድ ውሃ የሚተወው ነው። ፓምፗንና የፕላስቲክ ክፍሎቹን በውሃ በቀጠነ ኮምጣጤ ወይም በሎሚ ውስጥ ብትዘፈዝፏቸው ይለቃል። ገንዳው እብነ በረድ ወይም ሲሚንቶ ከሆነ ግን ኮምጣጤ አታስጠጉት። ቅርፊቱም እብነ በረዱም በመሠረቱ ካልሲየም ካርቦኔት ናቸው፤ አሲዱ ቅርፊቱን ጨርሶ ወደ ድንጋዩ ያልፋል፣ ወዙንም ይገፈዋል። እዚያ ላይ የሚያዋጣው ብሩሽና ትዕግሥት ነው። ሌላም አለ፦ በረኪናን ከኮምጣጤ ወይም ከሎሚ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ። የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። ይህን ለልብስ አጣቢዋም፣ ለጥበቃውም፣ ለልጆችም ንገሩ።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ውበትና ስለ ገንዘብ ነው። የከበደው ነገር ትንኝ ነው። የሚንቀሳቀስ ውሃ ለትንኝ እንቁላል አይመችም፤ ፓምፑ የቆመበት ገንዳ ግን ምቹ መፈልፈያ ነው። ወባ የገጠርና የረግረግ በሽታ ነው ብለን ነበር ያደግነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በጅቡቲ፣ በ2016 ደግሞ በእኛው ቀብሪ ደሃር የተገኘችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባል ትንኝ ይህን አፍርሳዋለች። ከደቡብ እስያና ከዓረብ ምድር የመጣችው ይህች የወባ አስተላላፊ ከተማ ይስማማታል፤ ሰው ባጠራቀመው ውሃ፣ በበርሜል፣ በታንከርና በግንባታ ገንዳ ትራባለች። እ.ኤ.አ. በ2022 በድሬዳዋ ወባ በተቀሰቀሰ ጊዜ ጥናቱ ወደ እሷ ነው የጠቆመው። በዚያችው ከተማ እ.ኤ.አ. በ2013 የታየው የደንጊ ትኩሳት ወረርሽኝ አስተላላፊም፣ ኤደስ የምትባለው ትንኝ፣ በቤት አካባቢ ከተጠራቀመ ውሃ አትርቅም።

ትንኝ ከእንቁላል ተነሥታ ክንፍ እስክታወጣ በሞቃት ቦታ ሳምንት ገደማ ወይም ትንሽ ዘለግ ያለ ጊዜ ይበቃታል። በየሳምንቱ ማየት ያስፈለገውም የትንኟ እጭ አድጎ ሳይበር ለመቅደም ነው። የኤደስ እንቁላል ደግሞ ከገንዳው ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ለወራት ደርቆ መቆየት ይችላል፤ ውሃ ሲመለስ ይፈለፈላል። ስለዚህ ማፍሰስ ብቻውን አያድንም፤ መፈተግ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለምትገኝ የወባው ስጋት ቀለል ይላል፤ ድሬዳዋ፣ አዳማ፣ ባሕር ዳር ወይም ሐዋሳ ላላችሁ ግን የቆመ ፏፏቴ የሰፈር ጉዳይ ነው። ትንኟ የጎረቤትን አጥር አታከብርም።

“እኛ የጥገና ባህል የለንም” የሚል አለ። አልስማማም። ጎንደር ሂዱና የፋሲልን ጥምቀተ ባሕር እዩ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን በነገሡት በአፄ ፋሲል ስም የሚጠራው ያ ገንዳ ዓመቱን በአብዛኛው ደረቅ ሆኖ ይቆያል። ጥምቀት ሲቃረብ ይጠረጋል፤ ከቀሃ ወንዝ ውሃ ተለቅቆበት ይሞላል፤ ጥር 11 ቀን ሕዝብ ይሰበሰብበታል። ማንም “ዘንድሮ ማን ያጸዳዋል?” ብሎ ግራ አይጋባም። ቀኑ የታወቀ ነው፣ ባለቤቱም የታወቀ ነው። ከበዓሉ በኋላ ውሃው ለዘለዓለም እንዲቆም አይጠበቅም። ትልቁ ጥበብ ይህ ይመስለኛል፤ በማይጠቀሙበት ጊዜ ማድረቅም እንክብካቤ ነው።

እኛም ቀኑ አለን። ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና፣ ለፋሲካ፣ ለዒድ ቤት እንወለውላለን፣ መጋረጃ እናጥባለን፣ ምንጣፍ እናራግፋለን። ፏፏቴውን እዚያ ዝርዝር ውስጥ ማስገባት ምን ይከብዳል? ክረምት ሲገባ ፓምፑን አውጥቶ ማድረቅና ገንዳውን መክደን፤ ጳጉሜ ላይ ፈትጎ ማጠብ፤ በበጋ በየበዓሉ ዋዜማ ውሃውን መለወጥ። የሚያጥበው ሰው ስሙ ይታወቅ፤ ከሌላ ሥራው ላይ የተደረበ ከሆነም ዋጋው ይከፈለው። መጀመሪያ የሚረሳው በነጻ የተጫነ ሥራ ነው።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ ፏፏቴ ልታሠሩ ያሰባችሁ ካላችሁ ከግንበኛው ጋር ስለ ድንጋዩ ቀለም ከመነጋገራችሁ በፊት ሁለት ነገር ወስኑ፦ ማን ያጥበዋል? መቼ መቼ ይታጠባል? መልሱ ካላችሁ ሥሩት፣ ደስም ይበላችሁ። ከሌላችሁ ገንዘቡን ክዳኑ የሚገጥም ጥሩ ሮቶ ግዙበት። ፏፏቴ ኖሯችሁ ፓምፑ የቆመ ከሆነ ደግሞ እስኪጠገን አትጠብቁ፤ ዛሬውኑ ውሃውን ቀድታችሁ ጨርሱና ገንዳውን ፈትጉት።