ስም ያለው ሰላይና ስም የለሾቹ

በእንጦጦ ግርጌ፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ከፍ ብሎ ባለ አንድ ቤት ውስጥ፣ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህርና የልጅ ልጃቸው «ለመሞት ጊዜ የለም» የተሰኘውን የጄምስ ቦንድ ፊልም ተመልክተው ሲያበቁ ሌሊቱ ተጋምሶ ነበር። የወጣቱ ዓይን እንባ አቅርሯል። እ.ኤ.አ. በ1962 የተጀመረው ይህ ተከታታይ ፊልም፣ እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው 25ኛ ክፍሉ፣ ከቶ የማይሞት ይመስል የነበረውን ጀግናውን ገደለው።

«አባባ፣ ከሁሉም የሚበልጠው ይኸኛው ነው» አለ ልጁ።

መምህሩ ብልጫውን አልካዱም። ዳንኤል ክሬግ ለ5ኛና ለመጨረሻ ጊዜ የተጫወተው ቦንድ እንደማንኛውም ሰው ያረጃል፣ ይቆስላል፣ የልጅ አባት ይሆናል። 007 የተባለውን መለያ ቁጥሩን እንኳ አንዲት ጥቁር ሴት ወርሳዋለች። ከሁሉም በላይ፣ የሰውን የዘር ውርስ እየለየ የሚፈጀው መሣሪያ የተጠነሰሰው በጠላት ሳይሆን በራሱ በእንግሊዝ የስለላ ሹም ምስጢራዊ ፈቃድ መሆኑን ፊልሙ በድፍረት ያሳያል።

«ዳሩ ግን፣ ያን መሣሪያ ያሠራው ሹም በመጨረሻ ምን ሲያደርግ አየኸው?» አሉ መምህሩ።

ልጁ ጥቂት አሰበ። «ለቦንድ መታሰቢያ ብርጭቆ ሲያነሣ።»

የፊልሙ ድካም ይህ ነው። ጥፋቱን የሠራው መሥሪያ ቤት ሳይጠየቅ ዕዳው በአንድ ሰው ሞት ይከፈላል፤ ተመልካቹም ጥያቄውን በእንባው አጥቦ ይሄዳል። ወዲያውም ጄምስ ቦንድ ተመልሶ እንደሚመጣ የሚያበሥር ጽሑፍ ይነበባል። ሞቱ ለካ የገበያ ዕረፍት ኖሯል!

«እኛ ዘንድስ እንዲህ ያለ ሰላይ ነበር?»

«እንዲህ ያለ እንኳ አልነበረም» አሉ መምህሩ፤ ሌላ ዓይነት ሰላይ እንደነበረ ግን አስረዱት። በ1928 ዓ.ም. ጠላት አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ፣ የውስጥ አርበኞች የተባሉት ወገኖች በከተማው ውስጥ ተሰውረው በዱር ላሉት አርበኞች ወሬና ጥይት ያቀብሉ ነበር። ሸዋረገድ ገድሌ ተይዘው፣ ተሠቃይተው፣ ወደ ኢጣሊያ ተጋዙ፤ ስማቸውም በታሪክ ተመዘገበ። ስማቸው ያልተመዘገበው ግን እጅግ ይበዛሉ።

የመምህሩ እናት ከነዚህ አንዷ ነበሩ። በልጅነታቸው ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ቅጠል ተሸክመው ወደ ከተማ ሲወርዱ፣ በሸክሙ መካከል ወረቀት ይደብቁ ነበር። ፊደል አልቆጠሩምና ወረቀቱ ምን እንደሚል አያውቁም። ከነፃነት በኋላ ለአርበኝነታቸው ምስክር አቅርቡ ቢባሉ አንድም ሰው አላገኙም፤ ጥሩ ሰላይ ምስክር አያስቀርምና። እስከ ዕለተ ሞታቸውም ነገሩን ከቤታቸው ውጪ አላነሡትም።

«ታዲያ ይህን ለምን ፊልም ወይም ተውኔት አያደርጉትም?»

«ተኩስ የለበትማ» አሉ መምህሩ። «አንዲት ልጅ ሸክሟን ይዛ ኬላውን ታልፋለች፤ ሌላ ምንም የለም።»

ልጁ ለአፍታ ዝም ብሎ ቆየና ወደ አያቱ ተጠጋ።

«ኬላው ላይ ሸክሙን ፈተሹት?»