ፈቃደኛ አልሆነችም

ሁለተኛ ዓመት ስንገባ ከሚያስፈሩን ኮርሶች አንዱ የፊቸር አጻጻፍ ነው። ሲኒየሮች «አሳይመንቱ ሰው ፊት ያቆማችኋል» እያሉ አስቀድመው ስላስፈራሩን እኔ ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ቀላሉን መረጥኩ፤ ስፖርት። ከልጅነቴ ጀምሮ ኳስም ሩጫም እከታተላለሁ፤ የማራቶን ሰዓት በቃሌ እወጣለሁ። ከዚህ በላይ ምን ያስፈልጋል? የመረጥኳት ሯጭ ከአገር ውጭ በተካሄደ አንድ ማራቶን መሀል ላይ አቋርጣ የወጣች ልጅ ናት። ስሟን እዚህ አልጽፍም። ለምን እንደማልጽፍ ወደ ኋላ ላይ ትረዱኛላችሁ።

ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነስቼ ከአዲሱ ገበያ ታክሲ ይዤ ሱሉልታ ሄድኩ። የሱሉልታን የጠዋት ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሯጮቹ በቡድን በቡድን ሆነው ሜዳውን ሲዞሩ እኔ ጃኬቴ ውስጥ ተሸጉጬ ሁለት ሰዓት ያህል ቆምኩ። ልምምዷን ስትጨርስ ተጠጋሁና ራሴን አስተዋወቅኩ። ስልኬን መቅጃው ላይ አድርጌ ዘረጋሁላት። ላቧን በፎጣ እየጠረገች ፈገግ ብላ፣

«ዛሬ አይሆንም ወንድሜ» አለችኝ።

«አምስት ደቂቃ ብቻ። ሕዝቡ ምን እንደተፈጠረ ማወቅ ይፈልጋል» አልኳት።

«የትኛው ሕዝብ?»

መልስ አልነበረኝም። እውነቱን ለመናገር ሕዝቡ እኔና የኮርሱ መምህራችን ነበርን። እሷም መልሴን አልጠበቀችም፤ ጓደኞቿ መኪና ውስጥ ሆነው እየጠሯት ስለነበር ሄደች።

ዶርም ገብቼ በንዴት ጻፍኩ። ስለ ውድድሩ ያለኝን መረጃ ሁሉ ደረደርኩና መጨረሻ ላይ «አትሌቷ በጉዳዩ ላይ ምላሽ እንድትሰጥ ብትጠየቅም ፈቃደኛ አልሆነችም» ብዬ ዘጋሁት። የምታውቋት ዓረፍተ ነገር ናት። ጋዜጣ ላይ ስትነበብ ተጠያቂው የሆነ ነገር የደበቀ ታስመስለዋለች፣ ጸሐፊውን ደግሞ ሥራውን የሠራ። መምህራችን ወረቀቱን ሲመልሱልኝ ሌላውን ሁሉ ትተው እሷን ብቻ በቀይ አስምረውባት ከጎኗ «ለምን?» ብለው ጽፈዋል። ውጤት የለም። በቃ፣ «ለምን?»

የዚያን ቀን ማታ ዶርም ውስጥ የተነሳው ክርክር እስከ ስድስት ሰዓት አላስተኛንም። አንዱ የዶርም ልጅ «ዕዳ አለባቸው» ብሎ ድርቅ አለ። ዝናውን ያመጣላቸው ሚዲያው ነው፣ ስፖንሰር የሚከፍላቸው ሰው ስለሚያያቸው ነው፣ ታዲያ አምስት ደቂቃ መናገር ምን ይከብዳል? እኔ በዚያ ሰዓት ሙሉ በሙሉ ከሱ ጋር ነበርኩ። ቂም ነበረብኛ!

ነገሩን ስናነሳው ስናወርደው መጀመሪያ የመጣችው ጃፓናዊቷ የቴኒስ ተጫዋች ናኦሚ ኦሳካ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2021 የፈረንሳይ ኦፕን ከመጀመሩ በፊት ለአእምሮ ጤንነቷ ስትል ጋዜጣዊ መግለጫ ላይ እንደማትቀርብ አስታወቀች። የመጀመሪያ ግጥሚያዋን አሸንፋ ሳትቀርብ ስትቀር 15,000 ዶላር ተቀጣች። ለሷ ይህ ገንዘብ ምንም አልነበረም፤ በዚያን ጊዜ በዓለም ከፍተኛ ገቢ ካላቸው ሴት ስፖርተኞች አንደኛዋ ነበረች። ችግሩ የአራቱ ታላላቅ ውድድሮች አዘጋጆች በጋራ ሆነው በዚሁ ከቀጠለች ከውድድር እስከ መባረር ሊያደርስ እንደሚችል ማስጠንቀቃቸው ነው። በማግሥቱ ራሷን ከውድድሩ አገለለች። ከ2018 ጀምሮ በድብርት ስትሰቃይ መቆየቷንም ያን ጊዜ ተናገረች። እንግዲህ ልብ በሉ፣ ለመናገር ያልፈለገችው ልጅ ከሁሉም በላይ የግሏ የሆነውን ነገር ለመናገር የተገደደችው ላለመናገር ስትል ነው።

የዶርሙ ልጅ ግን ይህን ሰምቶ አልተረታም። «ስትፈርም ደንቡን ታውቀው ነበር» አለ። ትክክል ነው፤ እዚህ ላይ ልክድ አልችልም። ተጫዋቹ ውድድር ውስጥ ሲገባ ቃለ መጠይቅ የውሉ አካል ነው። ቴሌቪዥን ጣቢያዎች ለመብቱ ከባድ ገንዘብ ይከፍላሉ፣ ከተናጋሪው ጀርባ ያለው የስፖንሰሮች ሰሌዳም ለጌጥ አልተሰቀለም። ስለዚህ ዕዳ ካለ ዕዳው በፊርማ የመጣ ነው። ይህ ግን በአሠሪና በሠራተኛ መሀል ያለ ጉዳይ ነው፤ እኔ ሱሉልታ ላይ የጠቀስኩት «ሕዝብ» በዚህ ውል ውስጥ የለበትም።

ደግሞስ ሳይናገሩ ቢቀሩ ምን ይጎድላል? የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊዎች እዚህ ጋ ጆሯችሁን ስጡኝ። ሰር አሌክስ ፈርጉሰን ስለ ልጃቸው በተሠራ ዘጋቢ ፊልም ተቆጥተው እ.ኤ.አ. ከ2004 እስከ 2011 ድረስ ለቢቢሲ ቃለ መጠይቅ አልሰጡም። ሰባት ዓመት! ከጨዋታ በኋላ ምክትላቸውን ይልኩ ነበር። በዚያ መሀል ክለቡ አራት ጊዜ የሊጉን ዋንጫ በላ። ጣሊያኖችም በ1982ቱ የዓለም ዋንጫ በጋዜጦቻቸው ተናደው አምበላቸው ዲኖ ዞፍ ብቻ እንዲናገር አድርገው ሌሎቹ አፋቸውን ዘጉ፤ ዋንጫውንም ይዘው ተመለሱ። (ዝም ማለት ዋንጫ ያመጣል እያልኩ አይደለም። ቢሆንማ ብሔራዊ ቡድናችንን ቃል እናስገባው ነበር።)

ወደ እኛ ሯጮች ስንመጣ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ስቴዲየም ገብተን ቲኬት ቆርጠን የምናያቸው ስንት ጊዜ ነው? የከተማ ማራቶን የሚሮጥ ሰው የሚከፈለው ከሽልማትና ከመሳተፊያ ክፍያ፣ ከዚያም ከጫማ ኩባንያ ነው። እኛ የምንሰጠው ጭብጨባ ነው፤ እሱንም ሲያሸንፉ። ሲሸነፉ የምንሰጠውን እዚህ ባልጽፈው ይሻላል። እንግዲህ አበዳሪው ማን ነው?

ስለ ጊዜውም ላንሳ። ከትልልቅ ውድድሮች በኋላ አትሌቱ ሚክስድ ዞን በሚባለው መተላለፊያ ማለፍ አለበት። ቆሞ መናገር ግዴታው ባይሆንም ከአጥሩ ወዲያ መቅጃ የያዘ እጅ ተደርድሮ ይጠብቀዋል። ትንፋሹ ገና አልተመለሰም። ሰው በእንዲህ ያለ ሰዓት ምን እንደሚናገር ለማወቅ ኃይሌ ገብረሥላሴን ማስታወስ ነው። እ.ኤ.አ. ኅዳር 2010 ኒው ዮርክ ማራቶንን በጉልበት ጉዳት አቋርጦ ወጣና ጋዜጠኞች ፊት ቀርቦ እንባ እየተናነቀው ሩጫ ማቆሙን አሳወቀ። ዜናው ዓለምን ዞረ። ከቀናት በኋላ ሐሳቡን ቀየረና ተመለሰ፤ ከውድድር የተሰናበተው በ2015 ነው። ኃይሌ እንግሊዝኛ የሚናገር፣ ከጋዜጠኛ ጋር መሳቅ የሚችል፣ ማይክራፎን የማይፈራ ሰው ነው። እሱ እንዲህ ከሆነ ሌላው እንዴት ይሆን?

አንድ ጥያቄ ግን አለ፣ ከዶርሙ ልጅ ጋር የምስማማበት። አልማዝ አያና በሪዮ ኦሊምፒክ 10,000 ሜትርን በ29 ደቂቃ ከ17.45 ሰከንድ ሮጣ ለሃያ ሦስት ዓመት የቆየውን የዓለም ክብረ ወሰን ስትሰብር ስለ አበረታች መድኃኒት ተጠየቀች። ብዙዎቻችን ያን ጊዜ ተናደናል። እሷ ግን መለሰች፤ የኔ ዶፒንግ ልምምዴ ነው፣ ኢየሱስ ነው አለች። ሰው በመልሱ ሊረካም ላይረካም ይችላል፤ ጥያቄው ግን መጠየቅ ነበረበት ብዬ አምናለሁ። ከኋላዋ ተከትለው የገቡት ሁሉ ንጹሕ ውድድር የማግኘት መብት አላቸው። በዚያው ኦሊምፒክ ፈይሳ ሌሊሳ እጆቹን አጣምሮ ሁለተኛ ሲገባ ለምን እንዳደረገው ለዓለም ያስረዳው ጋዜጣዊ መግለጫ ላይ ቀርቦ ነው። መድረኩ ባይኖር ኖሮ እያንዳንዱ ሰው የመሰለውን ትርጉም ይሰጠው ነበር። እና ይሄ ነገር ይቅር፣ ይሰረዝ የሚሉትን አልደግፍም።

ታዲያ የኔዋ ልጅ ለምን እምቢ አለች? ስለ መድኃኒት አልጠየቅኳት፣ ስለ ፌዴሬሽን አልጠየቅኳት። በሳምንቱ የአሰልጣኟን ስልክ አፈላልጌ ደወልኩ። አሰልጣኙ ትሑት ሰው ናቸው፤ መጀመሪያ ዝም ብለው አዳመጡኝና፣

«ልጄ፣ ባለፈው ዓመት ያወራችውን አላየህም እንዴ? ስልክ ላይ ሲቀባበሉት የነበረውን?» አሉኝ።

አይቼዋለሁ። ወዲያው ነው ትዝ ያለኝ። አንድ ፕሮግራም ላይ ቀርባ ስለ አሰልጣኟ ስታወራ «እሱ» ማለት ሲገባት «እሷ» እያለች፣ ግሡንም እያፈራረቀች የተናገረችው ሃያ ሰከንድ ተቆርጦ ቲክቶክ ላይ ተለቅቆ ነበር። አፏን የፈታችው በኦሮምኛ ነው፤ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋዋ ነው። እኔ በሦስተኛ ቋንቋዬ ሳልሆን በሁለተኛው በእንግሊዝኛ ክፍል ውስጥ ፕረዘንቴሽን ሳቀርብ ጉልበቴ ይንቀጠቀጣል። ያንን ቪዲዮ ግን ዶርም ውስጥ ከፍተን ስቀናል። እኔ ለሁለት ጓደኞቼ ልኬዋለሁ። በዚያ ቪዲዮ ውስጥ ያለችው ልጅና ሱሉልታ ላይ «ዛሬ አይሆንም» ያለችኝ ልጅ አንድ መሆኗን አላገናኘሁትም ነበር፤ ሰዓቷን በቃሌ እያወቅኩ።

«የትኛው ሕዝብ?» ያለችው እኔን ነው። ሳታውቀኝ።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር። ውጭ አገር ውድድር ስትመለከቱ አስተውላችሁ ከሆነ አትሌቱ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ያስረዳል፤ አስተርጓሚው «ደስ ብሎታል፣ እግዚአብሔርን ያመሰግናል» ብሎ ይጨርሰዋል። ከዚያ ሐበሻ ሯጮች አይናገሩም፣ ዝምተኞች ናቸው ይባላል። እኛም አገር ውስጥ ያለነው «ምን ተሰማሽ?» ከሚለው አንወጣም። ባሸነፈችም ምን ተሰማሽ፣ በተሸነፈችም ምን ተሰማሽ። የራሴን የጥያቄ ወረቀት ሳወጣው አንደኛ ተራ ላይ ያለው እሱ ነበር።

መምህራችን ቢሮ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የሳቁንም ጭምር። ብዙ አልተናገሩም። «ፊቸርህ እዚህ ጋ ነው የሚጀምረው» አሉኝና አንድ ሳምንት ጨመሩልኝ። እሷን ካላገኘሁ ያንን ዓረፍተ ነገር እንዳልጠቀምበት፣ ከተጠቀምኩም ምክንያቱን አብሬ እንድጽፍ ነገሩኝ።

በአሰልጣኙ በኩል ስልክ ተላከልኝ። እሺ ያለችው በሁለት ነገር ነው። በኦሮምኛ ልታወራ፣ ድምጿ ደግሞ የትም እንዳይለቀቅ። ስሟንም ለአሳይመንት እንጂ ለሌላ እንዳልጠቀም ለመንኳት ሳይሆን ለመነችኝ ማለት ይቻላል። ፍቼ የተወለደ የዶርም ጓደኛዬን ይዤ ሄድኩ። ይኸው «ዕዳ አለባቸው» ሲል ያመሸው ልጅ ነው፤ በታክሲው ውስጥ አንድም ቃል አልተነፈሰም። ቪዲዮውን እሱም አይቶት ነበር፤ ያኔ ግን አልሳቀም። አሁን ነው ያስተዋልኩት።

መጀመሪያ ስለ ቪዲዮው ይቅርታ ጠየቅኳት። እጇን አወዛወዘችና «እናቴ እንዳታይ ብቻ ነበር የፈራሁት» አለች። ከዚያ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ አወራች። ባቷ እንዴት እንደያዛት፣ ፔስ ሜከሮቹ ከወጡ በኋላ ነፋሱ እንዴት እንደመታት፣ ያቋረጠ ሯጭ ሽልማት ስለሌለው ወደ ሆቴል በመኪና ስትመለስ በልቧ ምን ስትደምርና ስትቀንስ እንደነበር። በቋንቋዋ ስታወራ ቀልደኛ ናት። ጓደኛዬ መተርጎሙን ረስቶ ይስቅ ነበር፤ እኔ ደግሞ ክንዱን እየጎተትኩ «ምን አለች?» እላለሁ።

ጽሑፉን ለተጠያቂ ማሳየት እንደማይገባ ክፍል ውስጥ ተምረናል። የራሷን ንግግር መልሶ ማንበብ ግን ስህተትን ይከላከላል ተብለናል። ስለዚህ ከማስገባቴ በፊት ደውለን ጓደኛዬ የተናገረችውን አንድ በአንድ በኦሮምኛ አነበበላት። ስለ እንባዋ የጻፍኩትን ታስወጣለች ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ምንም አላለችም። አንድ ቦታ ላይ ብቻ አስቆመችው።

«ሠላሳኛው ኪሎ ሜትር ላይ አይደለም ያቆምኩት» አለች። «ሠላሳ ሁለተኛው ላይ ነው። አስተካክሉልኝ።»

አስተካከልኩት።