«ከዚህ በፊት አግብተው ያውቃሉ?»

በ2010 ዓ.ም. ጥምቀት ካለፈ በኋላ ሦስት ሽማግሎች ከሞጣ ተነሥተው ቢቸና ከቤታችን ድረስ መጡና ታናሽ እኅታችንን ለአገራቸው ልጅ ለመኑ። ልጁ በዲቪ ዕጣ ወደ አሜሪካ ሄዶ በሜሪላንድ በሥራው የሚተዳደር፥ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው፥ ነገር ግን ዜግነት ገና ያላገኘ ሰው ነበር። አባታችን ካረፉ ጀምሮ የቤቱ ነገር በእኛ ላይ ስለ ወደቀ፥ ሽማግሎቹን ተቀብለን ያነጋገርን እኛ ነን። እኅታችንም ልጁን ቀድሞ ታውቀው ኖሮ ፈቃዷን ለመስጠት አልዘገየችም። በዚህ በኩል ችግር አልነበረም።

ችግሩ የመጣው ከወረቀቱ ጋር ነው። እጮኛዋ ከሠርጉ በኋላ ሚስቱን ለመውሰድ የሚሞላውን ጥያቄ አስቀድሞ ላከልን። እኛ የመንግሥት ሠራተኛ በመሆናችን ቀኑን ሙሉ ከፎርም ጋር የምንውል ነንና ይህ የሚያስቸግረን አልመሰለንም ነበር። ስምን ከነአባትና ከነአያት ጻፍን፤ በዚያ አገር የቤተ ሰብ ስም የሚሉት ነገር ስላለ፥ መልኩን እንኳ አይታው የማታውቀው አያታችን በባሕር ማዶ መዝገብ መጠሪያዋ ሊሆኑ ነው ብለን ሳቅን። የልደቷን ቀን ከትምህርት ቤት መዝገብ አውጥተን ወደ እነርሱ ዘመን አቈጣጠር መለስን። ከዚያ በኋላ አንድ መስመር መጣ፦ ከዚህ በፊት ስንት ጊዜ አግብተው ያውቃሉ? እኛ ብዕሩን እንደ ያዝን ዝም አልን። እኅታችን ግን ቡናውን እየቀዳች «አንድ ጊዜ፤ ይኸኛው ሲጨመር ሁለት ይሆናል» አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1995 ዓ.ም. እኅታችን የ12 ዓመት ልጅ ሳለች አባታችን ለአንድ ደኅና ገበሬ ልጅ ዳሯት። ያ ዓመት የአማራ ክልል የቤተ ሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 79/1995 ወጥቶ ለወንድም ለሴትም የጋብቻውን ዕድሜ 18 ዓመት ያደረገበት ዓመት ነበር። ከዚያ በፊት የነበረው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግም ቢሆን ሴት ልጅ 15 ዓመት ሳይሞላት እንዳታገባ ይከለክል ነበር። እንግዲህ በአሮጌውም ሆነ በአዲሱ ሕግ ሠርጉ የተከለከለ ነበር ማለት ነው፤ ዳሩ ግን ከድንኳኑ ውስጥ ሕጉን ያነሣ አንድ ሰው አልነበረም። ሰውም ወቀሳ አልነበረውም፤ ይልቁን ምርቃት አወረደ።

እዚህ ላይ ስለ ራሳችን የምንናገረው አለ። በዚያን ጊዜ እኛ የ15 ዓመት ልጅ ሆነን ወደ ዘጠነኛ ክፍል ተዛውረን ነበር። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚገኘው በቢቸና ሲሆን አባታችን የቤት ኪራይ የሚከፍሉበት አልነበራቸውም። የሙሽራው አጎት ደግሞ በከተማው ሰፊ ቤት ነበራቸው። ከሠርጉ በኋላ ባለው መስከረም ስንቃችንን ተሸክመን ከዚያ ቤት ገባን፤ ምንጣፍ ተሰጠን፤ ኩራዝ በራልን፤ የአማች ወንድም ነው ተብለን ተከበርን። ጋብቻው የተደረገው ስለ እኛ ትምህርት ነው ለማለት አንደፍርም፤ ሁለቱ ነገሮች በአንድ ሌሊት ሲመከሩ ግን በጆሮአችን ሰምተናል።

እኅታችን በባሏ ቤት የቈየችው ዐሥራ አንድ ወር ነው። በክረምት አንድ ሌሊት ብቻዋን ወጥታ፥ ጭቃውን በባዶ እግሯ አቋርጣ፥ ጎሕ ሲቀድ ከደጃችን ደረሰች። አባታችን በዕለቱ ሊመልሷት ተነሡ። እናታችን፥ በሕይወታቸው ሙሉ ለአባታችን ቃል መልሰው የማያውቁት እናታችን፥ ከበሩ መድረክ ላይ ተቀምጠው «በእኔ ላይ ተራምዳችሁ ውሰዷት» አሉ። ሽማግሎች ተቀመጡ፤ ጥሎሹ ተመለሰ፤ ከብቱ ተቈጠረ፤ «ፈርሷል» ተባለ፤ በዚሁ አለቀ። የተጻፈ አንዳች ነገር የለም። በማግሥቱ ዓመት እኛ ከአጎትየው ቤት ወጥተን ከሌሎች ተማሮች ጋር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራየን፤ እኅታችንም አብራን ገብታ ካቋረጠችበት ክፍል ትምህርቷን ቀጠለች። ኋላም መምህርት ሆነች።

ወደ ፎርሙ እንመለስ። እኛ «ምንም ተብሎ ይጻፍ» አልን። ክርክራችንም ደካማ አልነበረም። ልጅ ነበረች፤ ሕግ የከለከለው ጋብቻ ጋብቻ አይባልም፤ ለጋብቻውም ለፍቺውም ወረቀት የለም፤ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገራችን በመላው የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ስለ ሆነ ከዚያ በፊት የሆነውን ማንም ገልጦ ሊያየው አይችልም። ይህን ሁሉ በሥርዐት ዘርዝረን ነገርናት። እርሷም ሰምታ ሰምታ፥

«ወንድም ጋሼ፥ አንተ ምንም ብትለው እኔ ያን ዐሥራ አንድ ወር የት ነበርሁ ልበል?» አለችን።

ለእጮኛዋም ነገሩን ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ነግራው ኖሯል። እርሱም እንዳለ ይጻፍ ብሏል። በኋላ ስንጠይቅ እንደ ተረዳነው፥ በአሜሪካ ሕግ ዋና በሆነ ነገር ላይ ዐውቆ ሐሰት የተናገረ ሰው ዕድሜ ልኩን ከመግባት ሊከለከል ይችላል። እኅታችን ግን ይህን ፈርታ አልነበረም። እኛም ለእርሷ አስበን አልነበረም። ያ መስመር እንዲጻፍ ያልፈለግነው የዘጠነኛ ክፍል ካርዳችን አብሮ የሚጻፍ ስለ መሰለን ነው።

ከተጻፈ ደግሞ ማስረጃ ያስፈልጋል። የፊተኛው ጋብቻ መፍረሱ ሳይረጋገጥ ሁለተኛው ቢፈጸም ሁለተኛውም ይናጋል። ስለዚህ ሠርጉ እንዲቈይ ተደረገና ወደ ፍርድ ቤት ሄድን። ከዚያን ጊዜ ሽማግሎች በሕይወት የተገኙት አንድ ናቸው፤ በምርኩዝ መጡ። የቀድሞው ባልም መጥሪያ ሳይደርሰው በቃል ብቻ ቢነገረው መጣ። አሁን ባለ ትዳርና የሦስት ልጆች አባት ነው፤ ነጭ ጤፉ በገበያ ይታወቃል። ከችሎት ፊት ቀርቦ ስለ ዕድሜዋ ሲጠየቅ አልዋሸም፤ «እኔም ያን ጊዜ የተባልሁትን የማደርግ ልጅ ነበርሁ» አለ። የጋብቻው መፍረስ በውሳኔ ተጽፎ ማኅተም ተመታበት። ከቅጥሩ ውጭ ከባሕር ዛፉ ሥር ቆመን ሳለ ወደ እኅታችን ቀረብ ብሎ፥ «ትምህርቱን ጨረስሽው?» ሲል ጠየቃት። «ጨርሼ አስተምራለሁ» አለችው። «ደግ አደረግሽ» ብሎ ባርኔጣውን አነሣና ሄደ። አብሮን ምሳ እንዲበላ ልንጠራው አስበን ሳንጠራው ቀረን።

ሠርጉ በጥር 2011 ዓ.ም. ሆነ። ስለ ሠርጉ ብዙ አንጽፍም፤ ጠላው ጥሩ ነበር፤ ሞጣዎች ዘፈን ያውቃሉ። ሙሽራው አንድ ወር ሰንብቶ ተመልሶ ሄደና ማመልከቻውን አስገባ።

በዚያ አገር ሥርዐት ሚስቱን የሚያስመጣ ሰው ለመንግሥት ዋስ ይሆናል። ገቢው ለቤተ ሰቡ ቍጥር ከተወሰነው የድህነት መጠን ቢያንስ 125 ከመቶ መሆኑን በግብር ወረቀት ያስረዳል፤ ሚስቲቱ በችግር ብትወድቅ ሊረዳት በፊርማው ይገደዳል። ይህም ግዴታ ዜግነት እስክታገኝ ወይም የዐሥር ዓመት ያህል ሥራ እስኪቈጠርላት ድረስ የሚጸና ሲሆን፥ ቢፋቱ እንኳ በፍቺው አይቀርም። ይህን ለአማታችን፥ ለሙሽራው እናት፥ ሞጣ ሄደን ስናስረዳቸው እጅግ ተደነቁ። በእኛ አገር በሰማንያ ጋብቻ ዋስ የሚጠራው ባልና ሚስት እንዳይበዳደሉ ነውና፥ «ባል ለገዛ ሚስቱ ዋስ ይሆናል እንዴ? ዋሱማ ሴቲቱን ከባሏ ሊጠብቅ አይደለም ወይ?» አሉን። መልስ አልነበረንም። ቈይተው ደግሞ፥ «እንግዲያስ ቢፋቱም ዋስነቱ የማይፈርስ ከሆነ የእነርሱ ይሻላል» አሉ።

ከዚህ በኋላ የነበረው መጠበቅ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ምክንያት የአሜሪካ ኤምባሲዎች በየአገሩ የተለመደውን የቪዛ ሥራ አቆሙ። ሚያዝያ 14 ቀን ፕሬዚዳንት ትራምፕ ባወጡት ትእዛዝም ከውጭ የሚመጡ የብዙ ዐይነት ስደተኞች መግባት ታገደ። በትእዛዙ የዜጋ ሚስት ነጻ ስትሆን የቋሚ ነዋሪ ሚስት ግን ታግዳለች። አማቻችን ቋሚ ነዋሪ ነበር። በአንድ ቀን የተዳሩ ሁለት ሙሽሮች ቢኖሩ አንዷ በባሏ ወረቀት ምክንያት ስታልፍ ሁለተኛዋ ትቀራለች ማለት ነው። እገዳው በፕሬዚዳንት ባይደን የተነሣው የካቲት 17 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። በዚህ መካከል ሰዎች እኅታችንን በመንገድ ሲያገኟት «አልሄድሽም?» ይሏት ነበር፤ ጥያቄው እንደ ሰላምታ ሆነ። ጥቂቶቹ «ጋለሞታ መሆኗ ታውቆባት ነው» እያሉ እንደሚያሙ ሰምተን ከጎረቤት ጋር ልንጣላ ተነሣን፤ እርሷ ከለከለችን።

በዚያው ዓመት ባሏ ዜግነት ስላገኘ ጉዳይዋ የዓመት ኮታ ወደማይነካው ክፍል ተዛወረ። በ2014 ዓ.ም. ለቃለ መጠይቅ ተጠራች። ከቢቸና ተነሥተን በደጀን በኩል ዐባይን ተሻግረን አዲስ አበባ ገባን፤ የጤና ምርመራዋንም አስቀድማ ፈጸመች። በቀጠሮው ዕለት እኛ ከኤምባሲው አጥር ውጭ ቆመን ጠበቅን። ወጥታ የነገረችን ይህን ያህል ነው። የውሳኔውን ትርጕም ያነበበው ሰው «የመጀመሪያ ጊዜ ስታገቢ ዕድሜሽ ስንት ነበር?» አላት። «ዐሥራ ሁለት» አለችው። ወረቀቱን አስቀምጦ «ይኸኛውስ በፈቃድሽ ነው?» አላት። «በፈቃዴ ነው» አለችው። ከዚያ በኋላ ስለ ባሏ ሥራ ጥቂት ጠይቋት ፈቀደላት። የመዘግየቱም አንድ ጥቅም ተገኘ፤ ከተጋቡ ሁለት ዓመት ያልሞላቸው ለሁለት ዓመት ብቻ የሚያገለግል ፈቃድ ተሰጥቷቸው እንደ ገና ያመለክታሉ፤ እርሷ ግን ከሠርጓ ሦስት ዓመት አልፏት ስለ ነበር በአንድ ጊዜ የዐሥር ዓመቱን ካርድ አገኘች።

በርበሬውና ሽሮው ተቋጥሮ፥ ከሄደች ሳምንት ሆነ። እናታችን ከሣጥኑ ውስጥ የቀረውን የፍርድ ቤት ውሳኔ አንድ ቅጅ አወጡና፥ ማንበብ አይችሉምና፥ «አንብብልኝ» አሉን። ከመዝገብ ቍጥሩ ጀምረን ቀስ እያልን አነበብን። «በወቅቱ ዕድሜዋ 12 ዓመት የነበረ» ከሚለው ስንደርስ እጃቸውን አነሡ።

«ተሳስተዋል» አሉ። «የምትደፍነው በመስከረም ነበር። ዐሥራ አንድ ነበረች።»