በአሸዋ ኮረብታ ላይ ሩጫ

ሚሺጋንን ሐይቅ ይበሉት እንጂ ማዶው አይታይም። ሺካጎ የምትኖረውን ልጄን ልጠይቅ በሄድኩ ጊዜ፣ በሐይቁ ደቡባዊ ጫፍ ወዳለው ኢንዲያና ዱንስ ወሰዱኝ። ሦስት የአሸዋ ኮረብታዎችን የሚያገናኝ 2.4 ኪሎ ሜትር የእግር መንገድ አለ፤ ትልቁ ኮረብታ ማውንት ቶም ከሐይቁ 58 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። አጭር ነው ብላችሁ እንዳትንቁት፤ ሯጩ አንድ እርምጃ ሲወጣ ግማሹን አሸዋው ይመልስበታል። እኔማ በእንጨቱ ደረጃ ቀስ ብዬ ወጣሁ።

የልጅ ልጄ ከመንገዱ ወጥቶ በቁልቁለቱ መንደርደር አማረው። ከለከልኩት። ከዚያ በስተምሥራቅ ማውንት ባልዲ በሚባለው ኮረብታ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 አንድ የ6 ዓመት ልጅ አሸዋው ውጦት፣ ከ3 ሰዓት በላይ ተቀብሮ ከቆየ በኋላ ነው ተቆፍሮ በሕይወት የወጣው። ነፋስ የሚገፋው አሸዋ ዛፎችን ይቀብራል፤ ዛፎቹ ሲበሰብሱ ከሥር ባዶ ጉድጓድ ይቀራል። ላዩ ግን ደልዳላ ይመስላል። ይህን ብነግረውም የልጅ ልጄ አኮረፈ፤ ያኩርፍ።

ነርስ ነበርኩና አንድ ነገር ልጨምር። አሸዋ ለጉልበት ይራራል፣ የተረከዝን ጅማት ግን ይወጥራል፤ ያልለመደ ሰው መጀመሪያ ይራመድበት። በሙቀቱ ወራት ደግሞ በማለዳ ሂዱ፤ ቀትር ላይ አሸዋው ባዶ እግርን ያቃጥላል።