የሰንጋ ልጆች

«ሰንጋ» የሚለውን ቃል ስሸሸው የኖርኩ ሰው ነኝ። እንጀራዬ ግን ሰንጋ ተራ ሆነ፤ ሰባት ዓመት ሙሉ እዚያው ከባንክ መስኮት ኋላ ተቀምጬ የሰው ገንዘብ እቆጥራለሁ። የከብት ተራ በነበረው ቦታ የባንክ ፎቆች ተተክለዋል። የከብቱ ኮቴ ጠፍቶ ስሙ ቀረ።

ያሳደጉኝ አጎቴ ከብት ነጋዴ ነበሩ፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። ጥርስ አይተው፣ ሻኛ ጨብጠው፣ የሐረር፣ የቦረና፣ የፎገራ እያሉ በአገሩ ይለያሉ፤ ዳልቻ፣ ቡሬ፣ ቦቃ እያሉ በመልኩ ይጠራሉ፤ ወይፈን፣ ኮርማ፣ ሰንጋ እያሉ በዕጣው ይመድባሉ። እኛ በትምህርት ቤት ስፍን፣ ክፍለ ስፍን፣ መደብ፣ ክፍለ መደብ፣ አስተኔ፣ ወገን፣ ዝርያ ብለን እንደ ዳዊት የደገምነው ምደባ ሌላ ነው።

የዚህ ምደባ አባት ስዊድናዊው ካርል ሊኔየስ ነው። በ1758 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ሻኛ አልባውን ከብት ቦስ ታውረስ፣ ባለሻኛውን ቦስ ኢንዲከስ ብሎ ሁለት ዝርያ አደረጋቸው። ሁለቱ ግን ተዳቅለው የሚራባ ጥጃ ይወልዳሉና ዛሬ ብዙ ሊቃውንት አንድ ዝርያ ናቸው ይላሉ። መጽሐፍ የለያየውን በረት አገናኘው ልበል? የአፍሪካ ከብቶች የዘር ቅንጣት ሲመረመር ደግሞ ባለሻኛዎቹ ሳይቀሩ በእናት መስመር ሻኛ አልባዎቹ ሆነው ተገኙ። ሻኛው በኮርማ በኩል የመጣ እንግዳ ነው።

ከኢትዮጵያ እስከ ደቡብ አፍሪካ፣ ከሁለቱ መዳቀል የተገኙ፣ ሻኛቸው አነስ ብሎ ወደ አንገት የተጠጋ ከብቶች አሉ፤ የእኛ የራያና የአፋር ከብቶች፣ የኡጋንዳው አንኮሌ፣ የደቡብ አፍሪካው ንጉኒ። ሳይንስ የሰጣቸው የጋራ ስም ምን ይመስላችኋል? ሰንጋ! ከእኛው አገር የተወሰደ ቃል ነው። የፎገራና የሆሮ ከብቶች ደግሞ ሰንጋው ከዜቡ፣ ማለትም ከባለሻኛው፣ ጋር እንደገና የተዳቀለባቸው ናቸውና «ዜንጋ» ተብለዋል። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ።

ሳቄ ግን አልቆየም። በእኛ ዘንድ ሰንጋ የዘር ስም አይደለም። ሰንጋ ተኮላሽቶ የደለበ በሬ ነው፤ ጥጃ የለውም። የአህጉሩን ግማሽ ያካለለ የዘር ሐረግ መጠሪያውን ያገኘው ዘር ከማይተካ በሬ ነው።

ጋሼ ልጅ አልወለዱም። የሰፈር ሰው በተጣላቸው ቁጥር «ሰንጋ» ይላቸው ነበር፤ እኔ በአጥር ቀዳዳ ሰምቻለሁ፣ እሳቸውም ሰምተዋል። መልስ ሲሰጡ አላየሁም። ጋቢያቸውን አስተካክለው ወደ ገበያቸው ይሄዱ ነበር።

እኔ የእህታቸው ልጅ ነኝ። ትምህርት ቤት ሲያስመዘግቡኝ «የአባት ስም» ከሚለው ፊት የራሳቸውን ስም አስጻፉ። ዛሬ ደረቴ ላይ በተንጠለጠለው የባንክ መታወቂያ ከስሜ ቀጥሎ የተጻፈው እሱ ነው፤ ከግጥሞቼም ግርጌ የምጽፈው እሱን ነው።

ባለፈው ሚያዝያ ሴት ልጅ ተወለደችልኝ። የልደት ምስክር ወረቀቷን ላወጣ ሄጄ፣ ጸሐፊዋ የእኔን ስም ከመዘገበች በኋላ ቀና ብላ፣ «የአያትስ?» አለችኝ።

የጋሼን ስም ፊደል በፊደል ነገርኳት።