ባሕሩን ሳይሻገሩ ዳር ዳሩን

መቼም እኛ ደገኞች ከባሕር ጋር ያለን ትውውቅ የሩቅ ነው። «ባሕር ዳር» ብለን የሰየምነው ከተማ እንኳ ያለው ሐይቅ ዳር ነው! ባሕር ሲባል ቶሎ ፊታችን ድቅን የሚለው ከሁለት አንዱ ነው። አንደኛው ፀጉር ቤት ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ፖስተር፤ ነጭ አሸዋ፣ አንድ የዘንባባ ዛፍ፣ በጀርባዋ የተንጋለለች ፈረንጅ። ሁለተኛው ደግሞ ጀልባ ተሳፍሮ የቀረ የሰፈር ልጅ ነው። በኦገስት 2025 የመን ጠረፍ አጠገብ በተገለበጠችው ጀልባ ላይ ከነበሩት አብዛኞቹ የኛው ልጆች ነበሩ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እንግዲህ ባሕር ለኛ ወይ ፖስተር ነው፣ ወይ መርዶ።

ሌላ ዓይነት ባሕርም እንዳለ ያየሁት አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ፣ ሳንቶ አንታው በምትባል ደሴት፣ በእግሬ ስሄድ ነው። የኬፕ ቬርዴ ደሴት ናት።

«ኬፕ ቬርዴ ደግሞ የት ናት?» የምትሉ ካላችሁ ኳስ ወዳድ ጓደኛችሁን ጠይቁ። በጥር 2022 ያውንዴ ላይ ዋልያዎቹን 1 ለ 0 ሸኝታ ያናደደችን እሷ ናት። በ2025 ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ለዓለም ዋንጫ አልፋ ጉድ አሰኝታለች። ሕዝቧ ግማሽ ሚሊዮን ገደማ ነው። ከሴኔጋል ጠረፍ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ገባ ብለው የተበተኑ 10 ደሴቶች ናቸው፤ በ9ኙ ሰው ይኖራል። እሳተ ገሞራ ከባሕር ሥር ገፍቶ ያወጣቸው ተራሮች ስለሆኑ ሜዳ የሚባል ነገር የሌላቸው አሉ። ፖርቱጋሎች በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሲደርሱ ባዶ ነበሩ። ከአፍሪካ በባርነት ያመጡትን ሕዝብ አስፍረውባቸው እስከ ጁላይ 5 ቀን 1975 ገዟቸው።

እኔ እንዴት ደረስኩ? ሊዝበን የምትሠራ ታላቅ እህት አለችኝ። ከአንዲት የሳንቶ አንታው ልጅ ጋር ሌሊት ሌሊት ቢሮ ያጸዳሉ። ልጅቱ ሰባት ዓመት ሙሉ እናቷን አላየችም። በ2024 ሐምሌ ወር እረፍት ወጥታ አገሯ ልትገባ ስትል፣ እኔም እህቴን ልጠይቅ እዚያው ነበርኩና ሁለታችንም ተከተልናት።

መርከቡና ፌስታሉ

ሳንቶ አንታው የሚሠራ አውሮፕላን ማረፊያ የላትም። የነበረው በኦገስት 1999 18 ሰዎች ካለቁበት አደጋ በኋላ ተዘግቶ ቀርቷል። ስለዚህ ጎረቤት ደሴት ላይ ያለችው ሚንዴሎ ከተማ ድረስ በአውሮፕላን፣ ከዚያ በመርከብ ነው። የመርከቡ ጉዞ አንድ ሰዓት ገደማ ቢሆን ነው። «አንድ ሰዓት ምን አላት?» ብላችሁ እንዳትኩራሩ! በሁለቱ ደሴቶች መሐል ያለው ባሕር ነፋስ የሚገረፍበት ነው። መርከቡ ገና ሲነሳ ሠራተኛው ለየተሳፋሪው ፌስታል ያድላል። ለምን እንደሆነ ከ15 ደቂቃ በኋላ ይገባችኋል። የደሴቲቱ አሮጊቶች ግን ዶሮ ታቅፈው፣ ሽንኩርት ተደግፈው፣ እንደ መርካቶ አውቶቡስ እያወሩ ነው የሚሄዱት።

ወደቡ ላይ የሚጠብቃችሁ ደግሞ የገዛ አገራችሁ ነው፤ ያ የምናውቀው ቶዮታ ሚኒባስ! ካልሞላ አይነቃነቅም። ከሞላም በኋላ «ጠጋ ጠጋ በሉ» አለ። ወያላ የለውም እንጂ ሾፌሩ ራሱ ደርቦ ይሠራዋል።

ድንጋይ ለድንጋይ

ያደርነው ፖንታ ዶ ሶል በምትባል በሰሜን ጫፍ ላይ ባለች ትንሽ ከተማ ነው። ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳን። ከዚያ እስከ ክሩዚኛ መንደር ያለው የባሕር ዳር የእግር መንገድ ወደ 15 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ለደህና ተጓዥ አምስት ስድስት ሰዓት ነው። በአንድ በኩል ሽቅብ የሚያዩት ገደል፣ በሌላው ቁልቁል የሚያዩት ውቅያኖስ። መሐሉ ላይ ሁለት አህያ የሚያሳልፍ መንገድ አለ፤ ድንጋይ ለድንጋይ እየተጋጠመ የተነጠፈ።

እኔ ኮብልስቶን አይቼ የምደነቅ ሰው አልነበርኩም። ስንት ጓደኞቼ ናቸው ድንጋይ ሲጠርቡና ሲያነጥፉ የከረሙት! እዚያ ግን መንገዱ የተነጠፈው ሜዳ ላይ አይደለም፣ ገደል ወገብ ላይ ነው። ከታች ግንብ እየተካበ፣ ከላይ ዐለት እየተፈለጠ፣ በእጅና በመዶሻ። ለቱሪስት ተብሎ እንዳይመስላችሁ። ልጅ ትምህርት ቤት የሚሄደው፣ አዋላጅ የምትመጣው፣ በሽተኛ በቃሬዛ የሚወጣው በሱ ነበር።

ሰዓት ተኩል ያህል እንደሄዳችሁ ፎንታይኛሽ የምትባል መንደር ትመጣለች። ቤቶቹ አንድ ቀጭን የተራራ ምላስ ጫፍ ላይ ተደርድረዋል፤ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ ሮዝ። ከሥራቸው እርከን ነው፤ እርከን በእርከን ላይ! ኮንሶን ያየ ሰው ዘመድ ያገኘ ይመስለዋል። ሸንኮራ አገዳ አለ፣ ሙዝ አለ፣ ጎደሬ አለ። ከሸንኮራው «ግሮግ» የሚሉትን አረቄ ያወጡበታል። ጠዋት በሁለት ሰዓት «ቅመሱ» የሚል ደግ ሽማግሌ አይጠፋም። አደራችሁን፣ ከፊት ለፊት ገደል ላለበት ሰው ምስጋናው ይበቃል።

ከዚያ ቁልቁል ወርዶ፣ እንደገና ሽቅብ ወጥቶ፣ ኮርቮ የምትባል መንደር አለች። ከኮርቮ ወዲያ መንገዱ ጭራሽ ባሕሩ ጆሮ ሥር ይገባል። ማዕበሉ ዐለቱን ሲመታው የእግራችሁ መሬት ትንሽ ደንገጥ ይላል። ጨው ከንፈራችሁ ላይ ይደርቃል። እዚያ ጣሪያቸው የወደቀ የድንጋይ ቤቶች አየን፤ ሰው ትቶት የሄደ መንደር ነው። የእህቴ ጓደኛ ቆም አለችና የበር መቃኑን በእጇ ዳሰሰችው። ያኔ ማንም ምንም አላለም።

የቀሩት ሰዎች

ከመንደሮቹ በአንዱ እናቷ ቆመው ሲጠብቁ አገኘናቸው። ከሰባት ዓመት በኋላ እናትና ልጅ እንዴት እንደሚገናኙ ልንገራችሁ? አልጮኹም፣ አልወደቁም። እማማ የልጃቸውን ፊት በሁለት እጃቸው ይዘው ገልበጥ ገልበጥ አድርገው እያዩ «ከስተሻል» አሉ። የኛም እናቶች ሌላ የሚሉት የላቸውም።

ምሳ ቀረበ። «ካቹፓ» ይሉታል፤ የተፈተገ በቆሎና ባቄላ አብሮ ሲፈላ የሚያድር ነው። በሉት ንፍሮ ነው። ንፍሮው ግን መረቅ አለው፣ ዓሣ አለው፣ ስኳር ድንችም አለው። ስንበላ አላስችል ብሎኝ ጠየቅኋቸው። አራት ልጆች ወልደው አራቱም ባሕር ማዶ ናቸው። «እማማ፣ ይህን ባሕር ጠዋት ማታ ሲያዩት አይጠሉትም?» አልኳቸው። ጥያቄዬ ከአማርኛ ወደ ፖርቱጋልኛ፣ ከፖርቱጋልኛ ወደ ክሪዮል ሄዶ፣ መልሱም በዚያው መንገድ ተመለሰ።

«ባሕሩ ምን አደረገኝ? ዓሣ ይሰጠኛል። ልጆቼን የወሰዳቸው ሥራ ማጣት ነው» አሉ።

ይህ የእሳቸው ቤት ታሪክ ብቻ አይደለም። በ1940ዎቹ በደረሰው ረሀብ በደሴቶቹ በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ አልቋል። የተረፈው ስንቱ ሳኦ ቶሜ ወደሚባለው ሌላ ደሴት የካካዎ እርሻ በኮንትራት ተጭኗል። ሴዛሪያ ኤቮራ የምትባለው ዘፋኛቸው (በ2011 አርፋለች) በዓለም ያስታወቀችው «ሶዳድ» የሚለው ዘፈን የሚያወራው ስለዚያ መንገድ ነው። ሶዳድ ማለት ናፍቆት ነው፤ ግን ትዝታ ብትሉት ይበልጥ ይቀርበዋል። ዛሬ ከአገር ውጭ ያለው ኬፕ ቬርዳዊ አገር ውስጥ ካለው ይበልጣል ይባላል። እንዲህም ሆኖ አገሪቱ በ2007 መጨረሻ ላይ ከመጨረሻ ድሆቹ አገሮች መዝገብ ወጥታለች። እኛ ገና እዚያው መዝገብ ላይ ነን።

አንድ ነገር ከእማማ ጎረቤት ሰማሁ። ዝናብ በመጣ ቁጥር ከገደሉ ድንጋይ ይናዳል፣ የመንገዱም ግንብ ይሸረሸራል። ማነው የሚጠግነው? እዚያው የቀረው ሰው። ድንጋዩን አንድ በአንድ መልሶ ያስቀምጣል። እኔና እናንተ «ምን ዓይነት ውብ መንገድ ነው!» ብለን ፎቶ የምንነሳበት፣ የሄደው ልጅም አንድ ቀን የሚመለስበት መንገድ የሚቆየው በነሱ ነው። ስለሚሄድ ሰው ስንት ዘፈን ተዘፍኗል፤ መንገድ ስለሚጠብቅ ሰው ግን አልሰማሁም።

ፖስተሩና መርዶው አንድ ላይ

«አሸዋውስ? ዋናውስ?» የሚል ወጣት ድምፅ ይሰማኛል። ክሩዚኛ ስንደርስ ላብ በላብ ስለነበርን እኔም አምሮኝ ነበር። ዓሣ አጥማጆቹ ግን ጣታቸውን ነቀነቁብን። ሰሜኑ ጠረፍ ከአሜሪካ ወዲህ ምንም ያላገደው ማዕበል የሚያርፍበት ነው። ላንጋኖ የለመደ ዋናተኛ አይችለውም። መዋኘት የፈለገ ሚንዴሎ ከተማ ውስጥ ላጂኛ የምትባል ረጋ ያለች ቢች አለችለት። ማታ ማታ የከተማው ወጣት እንዳለ እዚያ ነው።

እንደ ፖስተሩ ዓይነት አሸዋ ያለው ሳልና ቦአ ቪስታ በሚባሉት ደሴቶች ነው። ትልልቅ ሆቴሎቹም እዚያ ናቸው። ከሰኔ እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት የባሕር ኤሊዎች በሌሊት ወጥተው እንቁላላቸውን አሸዋ ውስጥ ይቀብራሉ። በ2018 የወጣ ሕግ ኤሊ መግደልንም መብላትንም ወንጀል አድርጎታል። በሌሊት ባትሪ እያበሩ ማስደንገጥ ነውር ነውና ከአስጎብኚ ጋር ብቻ ሂዱ።

እዚያው ሳል አጠገብ፣ በኦገስት 2023፣ ከሴኔጋል ተነስታ ስፔን ልትገባ የነበረች ጀልባ ከወር በላይ ስትንሳፈፍ ቆይታ ተገኘች። ከ101 ተሳፋሪ በሕይወት የተገኙት 38 ነበሩ። ፖስተሩም መርዶውም አንድ ባሕር ላይ ነው። ስለዚህ እማማ ያሉኝ ነገር ከጆሮዬ አልወጣም። ባሕሩ ክፉም ደግም አይደለም፤ ሰውን ወደሱ የሚገፋው ነገር የብስ ላይ ነው ያለው።

ምክር ቢጤ

ለመሄድ ላሰበ ሰው ጥቂት ነገር ልበል።

በማለዳ ተነሱ። በዚያ መንገድ ጥላ የሚባል ነገር የለም። እኛ ከ2,000 ሜትር በላይ የለመድን ሰዎች «ፀሐይ እናውቃለን» እንላለን። የባሕሩ ነፋስ ግን እያቀዘቀዘ ያታልላል፤ መቃጠላችሁን የምታውቁት ማታ ነው። ባርኔጣ፣ ረዥም እጅጌ፣ ለአንድ ሰው ከ2 ሊትር የማያንስ ውኃ ያዙ።

ጫማ ላይ አትሟገቱ። የቁልቁለቱ ድንጋይ በእግር ብዛት ተወልውሎ መስታወት ሆኗል። ሸበጥ ለቢች ነው።

ከነሐሴ እስከ ጥቅምት የዝናብ ወራቸው ነው። ደሴቷ አረንጓዴ ትለብሳለች፣ ግን ናዳና ድንገተኛ ጎርፍ አለ። በኦገስት 11 ቀን 2025 ሚንዴሎን በሌሊት የመታው ዝናብ ሰው ገድሏል። ጠቆር ካለ የመንደሩን ሰው ጠይቁ፤ «ዛሬ ይቅር» ካሉ ይቅር።

ውኃ ወደ ውስጥ ከወሰዳችሁ አትታገሉት፤ ጉልበታችሁን ይጨርሰዋል። ከዳርቻው ጋር ትይዩ ሆናችሁ ወደ ጎን ዋኙና ከጅረቱ ስትወጡ ወደ ዳር ተመለሱ።

በመጨረሻም፣ ሰላም በሉ። ምሳችሁን ከከተማ ይዛችሁ አትምጡ፣ ከመንደሩ ግዙ። ድንጋይ ከግንቡ አትንቀሉ።

«ብሩ ከየት መጥቶ?» አትሉኝም? ልክ ናችሁ፣ ቲኬቱ ቀልድ አይደለም። ግን በእግር መሄድ ለመልመድ አትላንቲክ አያስፈልግም። ወንጪ ቅርብ ነው። ደሴ የሚሄድ ሰው ሐይቅ ወርዶ ዳር ዳሩን ይሂድ። ላንጋኖም ቢራ ይዞ ከመቀመጥ አንድ ቀን ተነስቶ የዳርቻውን ሰው ማነጋገር ይቻላል። መንገዱን ማን እንደሚጠርገው፣ ልጆቹ የት እንደሄዱ ጠይቁት። መልሱ እንደ ፖስተር ላያምር ይችላል፤ እውነት ግን ነው።

ቸር እንሰንብት!