የአያቴ ጠገራ

ትናንት ሉማሜ አያቴ ዘንድ ነበርኩ። ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ ከሣጥኗ በጨርቅ የተቋጠረ ነገር አወጣች። አንዲት ጠገራ ብር።

«እንካ እያት ልጄ፣ አንተ የጥንት ነገር ትወዳለህ።»

መዳፌ ላይ ከበደችኝ። የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ትሬዛ ፊት ከመታሸት ብዛት ለስልሷል። ከላይ ተበስታለች፤ አንገት ላይ ስትንጠለጠል ኖራለች ማለት ነው። ዓመቱ ግን ይነበባል፦ 1780።

ንግሥቲቱ የሞተችው በዚያው ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ የተመቱት ጠገራዎችም ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዘው ወጡ። አፄ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. የራሳቸውን ብር ፓሪስ አስመትተው እንኳ ገበያው ጠገራን ቶሎ አልተዋትም።

ለካ ገንዘብ መምታቱ ለእኛ አዲስ አልነበረም! አክሱም በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በንጉሥ እንዱቢስ ጊዜ፣ የወርቅ ገንዘቧን የሮምን ሚዛን ተከትላ ትመታ ነበር። ንጉሥ ኢዛና ደግሞ ክርስትናን ሲቀበል መስቀሉን በገንዘቡ ላይ አስቀረጸ።

ወደ አያቴ ጠገራ ልመለስና፣ አንድ ነጋዴ «ይሽጡልኝ፣ አንጥረኛ ይፈልገዋል» ቢላት አያቴ እምቢ አለች። ደስ አለኝ። ስንቷ ጠገራ ቀልጣ የአንገት መስቀል ሆናለች!

እናንተ ቤትስ፣ ሣጥን ውስጥ ጠገራ አለ? ከማን እንደመጣ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?